መጀመሪያ ኔጋቲቩን

ለጥምቀት ወደ ባሕር ዳር በመጣሁ በሦስተኛው ቀን አብሮ አደጎቼ ዓሣ ሊጋብዙኝ ጣና ዳር ወሰዱኝ። ገና እጃችንን ታጥበን ሳንጨርስ ከመካከላቸው አንዱ «ለመሆኑ እንግሊዝ አገር ሥራህ ምንድን ነው? እናትህ ኢንጂነር ነው ይላሉ፤ የአጎትህ ልጅ ደግሞ ጋራዥ ነው የሚውለው ይላል» አለኝ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው ብዬ ስመልስለት ሁሉም ሳቁ። ሌላው ደግሞ የመኪና ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ዓመት ሲሞላ አንድ መኪና እንኳ እንዴት እንደማይሰጠው አጥብቆ ጠየቀኝ። ዳቦ ቤት የሚሠራ ዳቦ ይዞ ይገባ የለም ወይ ነው ነገሩ። ያን ዕለት በቀልድ አለፍኩት፤ ማታ ግን እንቅልፍ ስለነሳኝ ይህን ለመጻፍ ተቀመጥኩ።

ሥራዬ በዚያ አገር አጠራር ዲግሪ አፕረንቲስ ይባላል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2015 እንግሊዝ ውስጥ የተጀመረ የትምህርት መንገድ ሲሆን፣ ተማሪው የድርጅት ተቀጣሪ ሆኖ ደመወዝ እየተከፈለው ይማራል። እኔ ከሳምንቱ አራቱን ቀን ፋብሪካ፣ አንዱን ቀን ዩኒቨርሲቲ እውላለሁ። ሌላው ተማሪ በዓመት ከ9,000 ፓውንድ በላይ የትምህርት ክፍያ በብድር ሲሸከም እኔ አምስት ሳንቲም አልከፍልም። ይህን የሰሙት ጓደኞቼ «እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?» አሉኝ። ነገሩ ግን የቸርነት ሥራ አይደለም። ዓመታዊ የደመወዝ ወጪው ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ የሚበልጥ ቀጣሪ ሁሉ ከዚያ በላይ ካለው ወጪ 0.5 በመቶ ለሥልጠና እንዲያዋጣ ሕጉ ያስገድደዋል፤ የእኔም ትምህርት የሚከፈለው ከዚሁ መዋጮ ነው።

ደመወዙንና ዲግሪውን ለሁሉም ነግሬያለሁ። ያልነገርኩት የመጀመሪያውን ወር ነው።

አገር ቤት ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ሦስት ዓመት ተምሬ ሳልጨርስ ነው በትዳር ምክንያት የተሰደድኩት። ከዚያም አራት ዓመት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስሸከም ቆይቼ ይህን ዕድል ሳገኝ ዕድሜዬ ሠላሳን ሊሞላ ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። አብረውኝ የጀመሩት በሙሉ የአሥራ ስምንትና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆች ናቸው። በልቤ ግን እነዚህ ልጆች ኢንተግራል በቅጡ ሳያውቁ እኔ የማክስዌልን የኤሌክትሪክና የመግነጢስ ቀመሮች ጨርሻለሁ እያልኩ እኮራ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት አሠልጣኛችን ከአንድ አሮጌ የቤንዚን መኪና ላይ ባትሪውን እንድናወጣ ሁለት ሁለት አድርጎ አሰማራን። እኔ ከአንዲት የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ጋር ደረሰኝ። ታላቅነቴን ላሳይ ብዬ ኮፋኖውን ራሴ ከፈትኩ፤ የአሥር ቁልፍ አነሣሁና በቀዩ በኩል፣ ማለትም በፖዘቲቩ ጀመርኩ። ቁልፉን አንድ ዙር እንኳ ሳላዞረው የወዲያኛው ጫፉ የመኪናውን አካል ነካ። ነጭ ብልጭታ ዓይኔን ጋረደው፤ ቁልፉ ከእጄ ተፈናጥሮ ወደቀ፤ የተቃጠለ ብረት ሽታ ዎርክሾፑን ሞላው። ቁልፉን ሳነሣው ጫፉ አይጥ የቆረጠመው ይመስል ተሸርፎ ነበር።

የመኪና አካል በሙሉ ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ፖዘቲቩን ቀድሞ የሚፈታ ሰው ቁልፉ አንድ ብረት ከነካበት በገዛ እጁ ኮንታክት ፈጠረ ማለት ነው። ኔጋቲቩን ቀድሞ ቢፈታ ግን ቁልፉ የትም ቢነካ ጅረቱ የሚዞርበት መንገድ አይኖረውም። ይህን በወረቀት ቢጠይቁኝ ንድፉን ሥዬ፣ በመቶዎች የሚቆጠረውን አምፔር አስልቼ ሙሉ ማርክ አገኝ ነበር። እጄ ግን አያውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ባትሪ ስማር አንድም ባትሪ ፈትቼ አላውቅም፤ ጥፋቱን ለመምህራኖቼ ብቻ እንዳልሰጥ ደግሞ፣ ከሰፈራችን ጋራዥ ደጃፍ በቀን ሁለት ጊዜ ሳልፍ አንድ ቀን እንኳ ቆሜ አላየሁም። እጁ ቅባት የነካ ሰው ትምህርት ያልገባው ነው ብለን አይደል ያደግነው?

ልጅቷ አልሳቀችም። «ኔጋቲቩ ይቀድማል፣ ውዴ» ብላ ሌላ ቁልፍ አቀበለችኝ። (ውዴ ማለት በዚያ አገር ሻይ የምትሸጥልህ ሴትም፣ አውቶቡስ የምትነዳዋም የምትልህ ቃል ነው፤ መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት ለባለቤቴ መናገር ይገባኝ እንደሆነ አስጨንቆኝ ነበር።) ከአባቷ ጋር ጓሯቸው ውስጥ መኪና ስትፈታ ነው ያደገችው። የታናሽ ታናሼ የምትሆን ልጅ ስታርመኝ፣ በአገሬ ልማድ የማደርገው ነገር ጠፋኝ፤ መቆጣትም ማመስገንም አልቻልኩም።

ስድብ ስጠብቅ አሠልጣኙ መጥቶ እጄን አገላብጦ ካየ በኋላ ያለመጎዳቴን አረጋግጦ አንድ ቅጽ ሰጠኝ። እነዚህ ሰዎች ለጥቂት የተረፈ አደጋ ሁሉ ተጽፎ እንዲቀመጥ ይፈልጋሉ። ምን ሆነ፣ ለምን ሆነ፣ ደግመህ ብትሠራው ምን ትለውጣለህ ይላል ቅጹ። ጥፋቴን በገዛ እጄ ጽፌ ብፈርም በዚያው የሚያባርሩኝ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ስላሳወቅክ እናመሰግናለን አለኝ። ይባስ ብሎም ጽሑፉ ከሥራ ማስረጃዬ ጋር ተያይዞ በመጨረሻው ምዘና ላይ የሚታይ ሆነ። የተሸረፈውን ቁልፍ ደግሞ በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ በሽቦ አንጠልጥለው ከሥሩ «መጀመሪያ ኔጋቲቩን» ብለው ጻፉበት። ስሜ የለበትም፤ የማን እንደሆነ የማያውቅ ግን አልነበረም። እኛ ጥፋትን ደብቀን ሰውዬውን እናዋርዳለን፤ እነሱ ሰውዬውን አክብረው ጥፋቱን ይሰቅሉታል። የቱ እንደሚሻል አሁን አውቃለሁ፤ በዚያ ወር ግን ሰሌዳውን ላለማየት በኋላ በር እገባ ነበር።

የዩኒቨርሲቲው ቀን ሲደርስ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ላፕላስ ትራንስፎርም ሲመጣ ያቺው ልጅ ደብተሯን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እኔ ሒሳቡን አሳያታለሁ፣ እሷ እጄን ታሠለጥናለች፤ እንዲህ እየተረዳዳን ዘለቅን። በሁለተኛው ዓመት የመኪና ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መስመር ተበላሽቶ ሁሉም ሲፈልጉ፣ ኃይሉን አጥፍቼ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ያለውን ሬዚስታንስ ለካሁ። በሁለቱ ጫፎች ጅረት የሚገድቡ ባለ 120 ኦም ሬዚስተሮች በትይዩ ስላሉ፣ ጤነኛ መስመር የአንዱን ግማሽ፣ 60 ኦም፣ ማሳየት አለበት፤ የእኔ ቴስተር 120 አሳየኝ። ስለዚህ አንደኛው ጫፍ ተቆርጧል ማለት ነው፤ ተከታትለን ስንሄድ የላላ ማገናኛ አገኘን። አሠልጣኙ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። ያን ቀን በፊት በር ወጣሁ።

የኤሌክትሪክ መኪና ክፍል ስዛወር ጥንቃቄው ሃይማኖት ሆነብኝ። ብርቱካናማ ኬብል ካየህ ውስጡ 400፣ አንዳንዴም 800 ቮልት አለ ማለት ነው። የጎማ ጓንቱን በአየር ነፍተህ ቀዳዳ እንደሌለው ታያለህ፤ ኃይሉን አቋርጠህ ትቆልፋለህ፤ ከዚያ ቴስተሩን ኃይል ባለው ነገር ላይ ትሞክራለህ፣ መስመሩን ትለካለህ፣ ቴስተሩን እንደገና ትሞክራለህ። አንድ ጊዜ ለክቶ መተው አይቻልም፤ አቦል ብቻ ጠጥቶ እንደመነሣት ነው የሚቆጠረው።

ወደ ጓደኞቼ ልመለስ። የአጎቴ ልጅ በነጋታው ቤት መጥቶ አንድ ደላላ «የአፕረንቲስ ቪዛ» እንደሚያወጣለት ቃል እንደገባለትና ባጃጁን ለመሸጥ እንዳሰበ ነገረኝ። ይህን ለሚያነብ ሁሉ የምለው ለእሱ ያልኩትን ነው፦ እንዲህ ያለ ቪዛ የለም። በእንግሊዝ ለዚህ ሥልጠና የሚሰጠውን ገንዘብ ለማግኘት በአጠቃላይ ከመጀመርህ በፊት 3 ዓመት በሕጋዊ መንገድ በአገሩ መኖር ይጠበቅብሃል፤ በተማሪ ቪዛ የገባም አያገኘውም። ባጃጅህን አትሽጥ። ይልቅ ባጃጅህ በተበላሸች ቁጥር ለሠሪው ከፍለህ ዞር አትበል፤ አጠገቡ ቁም። አልወደደልኝም፤ በሩን ዘግተህ እኛን ትመክራለህ የሚል ፊት አሳይቶኝ ሄደ። ባጃጇን ግን እስካሁን አልሸጣትም።

ከመመለሴ በፊት ያ ስለ ሥራዬ የጠየቀኝ ጓደኛዬ ስልክ ደወለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪና ከገዙት አንዱ እሱ ነው። ጣና በለስ ውሃውን ከዚሁ ሐይቅ ወስዶ እስከ 460 ሜጋ ዋት ስለሚያመነጭ፣ መኪናዬ ጣናን ነው የምትጠጣው እያለ ይቀልዳል። ሁለት ሳምንት ቆማ አልነሣ ብላዋለች። «ስትቆም ሰማንያ በመቶ ነበራት፤ በል እንግዲህ ኢንጂነር» አለኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ከበበኝ። ለካሁ፤ ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ደክማለች። ትልቁን ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚያገናኙት ማብሪያዎች የሚሠሩት በእሷ ኃይል በመሆኑ፣ እሷ ከሞተች ትልቁ ሞልቶም ተኝቶ ይቀራል። ይህን ሳስረዳ አንዲት እናት «ታዲያ እንግሊዝ ድረስ የሄድከው ለትንሿ ነው?» አሉኝ።

ቁልፍ ስላልነበረን ከማዶ ጋራዥ አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ገደማ ልጅ ተጠራ። ምንም ሳይጠይቅ ጎንበስ አለና ኔጋቲቩን ፈትቶ ወደ ጎን አጠፈው፤ ከዚያ ወደ ፖዘቲቩ ዞረ።

«ማን አስተማረህ?» አልኩት።

«አለቃዬ ናቸው። አንድ ቀን በቀዩ ስጀምር በኩርኩም አሉኝ።»

«ቅጽ አላስሞሉህም?»

«የምን ቅጽ?» አለና ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ቁልፉን ወደ እኔ ዘረጋ፤ «ጋሼ፣ ባትሪውን እስካወጣ እስኪ ይችን ይያዙልኝ።»

ያዝኩለት።