ባኞው ውሃ አልወርድ ሲል

ባኞ ቀስ እያለ መውረድ ሲጀምር ብዙ ሰው የሚሮጠው ወደ ኮስቲክ ሶዳ ነው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የት ላይ እንደተዘጋ ማወቅ ይሻላል እላለሁ። ይህን ደግሞ ውሃው ራሱ ይናገራል።

መክደኛውን ደፍኖ በባለ 20 ሊትር ባልዲ ሁለት ጊዜ መሙላት፣ ከዚያ ከፍቶ ማየት ነው። ገና ከመጀመሪያው እየተንቀረፈፈ ከወረደ ችግሩ ቅርብ ነው፤ መክደኛው ሥር ወይም ሲፎኑ (ከባኞው ሥር ያለው የታጠፈ ቱቦ) ውስጥ። በፍጥነት ጀምሮ ትንሽ ቆይቶ ቀጥ ካለ፣ ባዶው ቱቦ እስኪሞላ ነው የወረደው፤ መዘጋቱ ከሲፎኑ አልፏል ማለት ነው። የሽንት ቤቱ ውሃ ሲለቀቅ ባኞው ቡልቅ ቡልቅ ካለ የጋራው መስመር ወይም የአየር ማስወጫው ቱቦ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማንም ሳይጠቀምበት ባኞው ከሥሩ ውሃ ካፈለቀ ደግሞ የተዘጋው የሕንፃው ቋሚ ቱቦ ነውና ከቤት ውስጥ አይጠገንም፤ ለኮሚቴው መንገርና ከላይ ያሉ ጎረቤቶች ውሃ እንዳይለቁ መለመን ብቻ ነው።

መሣሪያ ከማንሳት በፊት መክደኛውን ማየት ይገባል። እየተነሳ የሚከፈተው ዓይነት አንድ ሴንቲ ያህል ካልተነሳ ጤነኛውን ቱቦ የተዘጋ ያስመስለዋል። ፈትቶ አውጥቶ በድጋሚ ውሃ መልቀቅ ነው፤ ከወረደ ሥራው አለቀ።

ካልወረደ ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ ማስገባት። አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ፀጉር ነው፣ ግን በእኛ ቤት ፀጉር ብቻውን አይመጣም። ራስ ላይ የተቀባ ቅቤ በሞቀ ውሃ ሲታጠብ ቀልጦ ይወርድና ቀዝቃዛው ቱቦ ላይ ተመልሶ ይረጋል፤ ፀጉሩን ያጣብቃል፣ የሳሙናውን አተላ ይይዛል፣ ከሮቶ የሚመጣውን ደቃቅ አሸዋም ይጨምርበታል። ውሃ ብቻ ማፍሰስ የማይበቃው ለዚህ ነው። ግማሽ ኩባያ ላርጎ ቀዳዳው ውስጥ ጨምሮ አሥር ደቂቃ ማቆየት፣ ከዚያ 60 ዲግሪ ያህል የሞቀ ሁለት ባልዲ ውሃ በአንድ ጊዜ መልቀቅ ቅባቱን ያላቅቀዋል። የፈላ ውሃ ግን አይሆንም፤ የፒቪሲ ፕላስቲክ ቱቦ ይለሰልሳል፣ የሲፎኑ ጎማም ይበላሻል። ላርጎ ሳይኖር ሙቅ ውሃ ብቻ ከተደፋ ደግሞ ቅቤው ሽቦ ወደማይደርስበት ወርዶ እዚያ ይረጋል። ቅቤ የተቀባ ሰው ከመታጠቡ በፊት ፀጉሩን በሶፍት ቢጠርግ ግማሹ ችግር አይፈጠርም ነበር።

የጎማ መምጠጫ በባኞ ላይ የማይሠራላቸው ሰዎች በአብዛኛው የሚረሱት አንድ ነገር ነው፤ ከላይ ያለውን የትርፍ ውሃ ቀዳዳ። እሱ ክፍት ከሆነ ግፊቱ በዚያ ይወጣል። በእርጥብ ጨርቅ አጥብቆ መድፈን፣ ጎማው እስኪሸፈን ውሃ መሙላት፣ የጎማውን ጠርዝ ቫዝሊን መቀባት፣ ከዚያ ከ15 እስከ 20 ጊዜ መግፋትና መሳብ። ኃይል መስጠት የሚያስፈልገው ለመሳቡ ነው፤ መግፋት ብቻውን ቆሻሻውን ያጠብቀዋል።

ይህም ካቃተ ስፕሪንግ ነው፤ ቱቦ ውስጥ እየተጠመዘዘ የሚገባው ረጅም ተጣጣፊ ሽቦ። 6 ሚሊ ውፍረትና 5 ሜትር ርዝመት ያለው ለቤት ይበቃል። ከመውረጃው ይልቅ በትርፍ ውሃው ቀዳዳ በኩል ቢገባ ወደ ሲፎኑ በቀላሉ ይታጠፋል። ሲነካ እየገፉ መታገል አያስፈልግም፤ እየጠመዘዙ እንዲይዝ ማድረግና ቀስ ብሎ መሳብ ነው። የነካው ነገር ደረቅ ድንጋይ ከመሰለ ምናልባት ሰቆ ሲነጠፍ የወደቀ ሲሚንቶ ነው፤ ለሱ ቱቦውን ከፍቶ ማውጣት እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም።

ስለ ኮስቲክ ሶዳው፦ የተፈጥሮ ፀጉር ይበላል፣ አርቴፊሻል ሽሩባን ግን አይነካም። ውሃ ሲነካው በጣም ስለሚሞቅ በቆመ ውሃ ላይ ሲጨመር ሊረጭ ይችላል፤ ዓይን ያጠፋል። ሳይከፍት ከቀረ ደግሞ ቀጥሎ ሲፎኑን የሚፈታው ሰው እጅ ላይ ነው የሚፈሰው። አሲድና በረኪናን ማገናኘት ፈጽሞ አይቻልም፤ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይገድላል።

ተጠርጎ በጥቂት ሳምንት ውስጥ የሚመለስ ከሆነ ጥፋቱ የቱቦው አሠራር ነው። ሁለት ቦታ ይታያል። አንደኛው ባኞው ሥር የሚገጠመው ሽብሽብ ያለ ፍሌክሲብል ቱቦ ነው፤ እያንዳንዱ እጥፋት ፀጉር ይይዛል፣ በ40 ሚሊ ለስላሳ ሲፎን መቀየር አለበት። ሌላው ተዳፋቱ ነው፤ በአንድ ሜትር ሁለት ሴንቲ መውረድ ሲገባው ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀበራል። ሁለቱንም ለማየት ግን ከባኞው ጎን ያለው ሰቆ መፍረስ አለበት፣ ምክንያቱም ብዙ ግንበኛ መክፈቻ ሳይተው ይደፍነዋል። አንዴ ከፈረሰ አይቀር፣ መልሶ ሲሠራ 30 በ30 ሴንቲ የሚነሳ ሰቆ በሲሊኮን ብቻ ይያዝ።