ሐምሌ ሳይገባ፦ በጎጃም የመስጠም አደጋ መከላከያ ድርጅትን ስረከብ ያስቀደምሁት

የውሃ ደኅንነት ድርጅት የሚረከብ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የሚጠየቀው «ዋና ማስተማር መቼ ትጀምራላችሁ?» ተብሎ ነው። እኔ ዋናን ወደ ኋላ አቆይቼ ሦስት ነገር አስቀደምሁ፦ የባንክ ፊርማውን፣ የሞት መዝገቡን፣ የክረምቱን ዝግጅት። ቅደም ተከተሉን የወሰነው ዝናቡ ነው። ሐምሌ ከገባ የዋልካው መንገድ መኪና አያሳልፍም፤ ወንዙ የሚሞላውም ያን ጊዜ ነው። የማዳኛ ገመዱም ሥልጠናውም እስከ ሰኔ አጋማሽ መሻገሪያው ዘንድ ካልደረሰ ለዚያ ዓመት አለፈው።

የፊርማው ነገር አሰልቺ ቢመስልም ሌላውን ሁሉ የሚያስረው እሱ ነው። ባንኩ የቦርድ ቃለ ጉባኤና የሹመት ደብዳቤ ይፈልጋል፤ ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም ደብዳቤ ሊጠይቅ ይችላል፤ አንዱ ሲጎድል ደመወዝም ግዢም ይቆማል። ቦርዱ የቀድሞውን ፈራሚ መሻር ያለበት የአዲሱ ናሙና ፊርማ ባንክ ገብቶ መሥራት ከጀመረ በኋላ ነው። ቀጥሎ በጀቱን የአስተዳደርና የፕሮግራም ብዬ በሁለት ዓምድ ከፈልሁት። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ስለሚያዝ፣ ነዳጅና አበል የየትኛው ሥራ እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በየጉዞው ይጻፋል። ዓመቱ ሲያልቅ እናስተካክለው የተባለ ሒሳብ አይስተካከልም።

መዝገቡ ላይ ብዙ ጊዜ አጠፋን፤ ይገባዋልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ ወደ 300,000 ሰው በመስጠም እንደሞተ ይገምታል። ይህ ቁጥር ለጋሽን ያሳምናል፤ ገመዱን ጨሞጋ ወንዝ ላይ እናስቀምጠው ወይስ ተምጫ ወንዝ ላይ የሚለውን ግን አይመልስም። ጤና ጣቢያም ብዙ አይረዳም። ውሃ የወሰደው ሰው ከወንዙ ወጥቶ ወደ ቀብር እንጂ ወደ ሐኪም ስለማይወሰድ ካርድ የለውም። ያገኘነው ከእድር ጸሐፊዎች መዝገብ፣ ከቀበሌ ሚሊሻና ከፖሊስ፣ ፍትሐት ካደረጉ ካህናትም ነው። ብዙ እድር የሕፃን ሞት ስለማይመዘግብ ለሕፃናቱ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ጠየቅን። እነሱ ባይኖሩ ኖሮ ከ5 ዓመት በታች ያሉት ልጆች ጭራሽ ከቁጥሩ ይወጡ ነበር።

ቅጹ አንድ ገጽ ብቻ ነው፦ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የውሃው ዓይነት፣ ከቤት ያለው ርቀት በእርምጃ፣ ወሩና ሰዓቱ፣ ሟቹ ምን እየሠራ እንደነበር፣ አጠገቡ ማን እንደነበር፣ ለማዳን የገባ ሰው ካለ እሱ ምን እንደሆነ። ከአርባው በፊት ሐዘንተኛ ቤት አይኬድም፤ ከዚያም በኋላ የንስሐ አባታቸው ወይም የእድሩ ዳኛ አብሮ ይሄዳል። «ልጅሽን ማን ይጠብቅ ነበር?» ብሎ መጠየቅ እናትን መክሰስ ነው። «የዚያን ዕለት ቤት ውስጥ ማን ምን ሥራ ላይ ነበር?» ሲባል ግን ሁሉም ይነገራል። ውሃው ባለቤት አለው፣ ጋኔን ነው የወሰደው የሚል ሰው ሲገጥም ጠያቂው አይከራከርም። ቦታውንና ሰዓቱን ይጽፋል፤ ሰው የሚፈራው ጥልቅ ውሃ ብዙውን ጊዜ በእርግጥም አደገኛ ነው።

ቅጾቹን በሰዓትና በዕድሜ ስንደረድራቸው ሦስት መልክ ወጣ። ሕፃናት በቤት ዙሪያ፣ በጉድጓድና በኩሬ፣ እናት አረም ላይ ስትሆን። እረኞች በእኩለ ቀን በወንዝ ጥልቅ ቦታ። አዋቂዎች ደግሞ ከገበያ ሲመለሱ። ይህ ሦስተኛው የሚሆነው የክረምቱ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ስለሚበዛ ነው፤ ጠዋት ጉልበት ያልደረሰ ውሃ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ፈረስ ይወስዳል። ጮቄ ተራራ ላይ ሲዘንብ ታች ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የምናስተምረው ሰማዩን ሳይሆን ውሃውን ማየት ነው፦ ድንገት ከደፈረሰ፣ አረፋና ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ፣ ከላይ ጉምጉምታ ከተሰማ ወዲያው ወደ ከፍታ መውጣት፤ ከጉልበት በላይ ከሆነ እስኪጎድል ማደር።

ለየመሻገሪያው ያዘጋጀነው፣ ለሚሰጥም ሰው የሚወረወር ዕቃ ከገበያ የሚገኝ ነው። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን፣ 20 ሜትር ገመድ፣ ውፍረቱ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር። ባዶ ጀሪካን ነፋስ ይገፋዋል፤ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ሲገባበት ግን በደንብ ይወረወራል፤ ከ4 ኪሎ በላይ የማንሳፈፍ አቅም ስለሚተርፈው በደረቱ ያቀፈውን ሰው አፍ ከውሃ በላይ ይይዛል። ገመዱን ከመግዛት በፊት ቁራጩን ባልዲ ውስጥ መጣል ነው፦ ናይለን ይሰጥማል፣ ፖሊፕሮፒሊን ይንሳፈፋል። የሰጠመ ገመድ ድንጋይ ሥር ይያዛል። ክዳኑ ከጠፋ ጀሪካኑ ስለሚሞላ ክዳኑ በሙጫ ይታሸጋል። ፀሐይ ላስቲኩንም ገመዱንም ስለሚያደርቅ ዛፍ ላይ አይሰቀልም፤ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ጀሪካን ለውሃ መቅጃ መወሰዱም አይቀርም። ቀይ ቀለም ቀብተን ለመሻገሪያው ቅርብ ለሆነው ቤት እማወራ ወይም አባወራ በፊርማ አስረከብን። በየዓመቱ ግንቦት ላይ ገመዱ ተጎትቶ ይፈተሻል።

የማዳን ትምህርቱ አንድ ሐሳብ ነው፦ አትግባ። ልጁን ለማዳን የገባ አባት አብሮ የሚሞትበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የሚሰጥም ሰው ያገኘውን አንቆ ይይዛልና። የጎጃም ገበሬ ዱላና ጋቢ ከእጁ አይለይም፤ በሆድ ተኝቶ ዱላ ማቀበል፣ ካልደረሰ የጋቢውን ጫፍ መወርወር፣ ከዚያ ጀሪካኑን። ካወጡት በኋላ በእግሩ ዘቅዝቆ መያዝና ሆዱን መጫን እንዲቀር አጥብቀን እንናገራለን፤ ደቂቃ ያባክናል፣ ትውከትም ወደ ሳንባ ያስገባል። ካልተነፈሰ በጀርባው አስተኝቶ አገጩን ቀና አድርጎ፣ አፍንጫውን ይዞ 5 ትንፋሽ መስጠት፤ ከዚያ 30 ጊዜ ደረት መጫን፣ 2 ትንፋሽ፣ እየደጋገሙ። ለአዋቂ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120። የመጫኑን ፍጥነት በጭድ በታጨቀ ማዳበሪያ ላይ መለማመድ ይቻላል።

ጉድጓድ ላይ የዘመቻ ጩኸት አይሠራም፤ ክዳን ነው የሚሠራው። አፉ ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር በድንጋይ ከፍ ይላል፤ መርገጫ የሚሆን ድንጋይ ከአጠገቡ ይነሣል። የባሕር ዛፍ ርብራብ ከሆነ ክፍተቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች፣ ምስጥ እንዳይበላውም ጫፉ መሬት የማይነካ መሆን አለበት። ክዳኑ ለመቅዳት የሚያስቸግር ከሆነ ሴቶቹ ክፍት ይተዉታል፤ ስለዚህ ግማሹ ብቻ በማጠፊያ እንዲከፈት አደረግን። ለአረም ወራት ደግሞ ልጆችን ሰብስቦ መጠበቅን ሞክረናል። በባንግላዴሽ ገጠር ከጠዋቱ 3 እስከ 7 ሰዓት ድረስ የሚሠሩ የሕፃናት ማቆያዎች የመስጠም ሞትን ከ80 በመቶ በላይ መቀነሳቸው በጥናት ታይቷል። እኛ ዘንድ ከባዱ ለጠባቂዋ የሚተካላት የሥራ ቀን ነው፤ በደቦ ማሳዋ ሲታረምላት ይጸናል።

ጣና ላይ ያለው ሥራ የመንሳፈፊያ ጃኬት ጉዳይ ነው። ጃኬት ያለው ጀልባ ብዙ ጊዜ ከወንበር ሥር ቆልፎ ያስቀምጠዋል። ባለ 100 ኒውተን (የማንሳፈፍ ኃይሉ መለኪያ ነው) የአዋቂ ጃኬት 10 ኪሎ ብረት ታስሮበት መንሳፈፍ አለበት፤ ካልቻለ አረፋው አልቋል። የልጅ ጃኬት በእግር መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ከሌለው ውሃ ውስጥ በራስ በኩል ይወልቃል።

ዋናን ያቆየነው ቦታ እስክናገኝ ነው። የጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለበት፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ አለ፣ የቆጋ መስኖ ቦይ ጎኑ የሚያንሸራትት ስለሆነ መውጫ የለውም። የምንፈልገው ወለሉ የሚታይ፣ ከልጅ ደረት የማያልፍ፣ ጤና ጽሕፈት ቤት ያየው ውሃ፣ ለ5 ልጅ አንድ አሠልጣኝ፣ ዳር ላይም ገመድ ይዞ የሚቆም አንድ ሰው ነው። ጊዜውም ወንዙ የሚጠራበት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ነው።