የወታደር አባት የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ

«ባለትዳርና የስድስት ልጆች አባት፣ የአሥራ አራት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ።» በቀብር ላይ በሚነበብ የሕይወት ታሪክ ውስጥ አባትነት የሚያገኘው ቦታ ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ነው። እሱም የሚነበበው መጨረሻ ላይ፣ የአንባቢው ድምፅ ሲደክምና ለቀስተኛው ወደ መቃብሩ መጠጋት ሲጀምር ነው። ሟቹ ወታደር ከነበሩ ደግሞ ከዚያ በፊት ያለው ገጽ ሁሉ በግንባር ስም ይሞላል። ታጠቅ ጦር ሰፈርና የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ባሉበት በዚህ ከአሸዋ ሜዳ ወደ ሆለታ በሚወስደው መንገድ ዳር የወታደር ቤት ብዙ ነው፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍም በየጊዜው ይነበባል። ውትድርናውም ቤቱም በእኩል ጥንቃቄ ሊጻፉ ይገባል።

ቀብሩ ብዙውን ጊዜ በማግስቱ ስለሚሆን ጽሑፉ የሚሠራው በአንድ ሌሊት ነው፤ ስሕተቱም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ለመጻፍ አስቡ። ለቀብሩ የተረጋገጠውን ብቻ በአንድ ገጽ፣ ለአርባው ወይም ለሙት ዓመቱ ሙሉውን። አባታችሁ በሕይወት ካሉ ደግሞ ዛሬውኑ ከአንደበታቸው ጀምሩ፤ ከዚህ የሚበልጥ ምንጭ የለም።

መጀመሪያ ሳጥኑ ይከፈት። የሚፈለጉት የጡረታ ደብተር፣ የሠራዊት መታወቂያ፣ የማዕረግ ዕድገት ደብዳቤ፣ የሥልጠና ምስክር ወረቀት፣ የፈቃድ ወረቀትና ፎቶዎች ናቸው። ፎቶ ሲገኝ ጀርባውን እዩ፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተምና ቀን አንዳንዴ ከፊቱ የበለጠ ይናገራል። ከመስታወት ጋር የተጣበቀውን ለማላቀቅ አትሞክሩ፣ ምስሉ ተልጦ ይቀራል። ከነመስታወቱ መስኮት አጠገብ አድርጋችሁ ያለ ፍላሽ በስልክ አንሱት። ጀርባው ላይ ስም ስትጽፉ በለስላሳ እርሳስ ይሁን፤ እስክሪብቶ በገፈርሳ በኩል እንዳለው ባለ እርጥብ ክረምት ወደ ፊቱ ያልፋል። ሜዳሊያ በሎሚና በአመድ አይፈተግ። ጽሑፉ ይበላል፣ ጥብጣቡም ይበላሻል።

ቀጥሎ ማዕረግ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ልጆች ይሳሳታሉ። «ሻምበል» እና «ሻለቃ» የማዕረግም የጦር ክፍልም ስሞች ናቸው። በወረቀቱ ላይ «3ኛ ሻለቃ» የሚል ያየ የልጅ ልጅ አያቱን «ሻለቃ እገሌ» ብሎ ይጽፋል፤ ቁጥር ከፊቱ ካለ ግን የሚናገረው ስለ ክፍሉ ነው። ሃምሳ አለቃና መቶ አለቃም በስም ይቀራረቡ እንጂ የመጀመሪያው ባለ ሌላ ማዕረግ (ከመኮንን በታች ያለ) ነው፣ ሁለተኛው መኮንን። ከፍቅር የተነሳ ማዕረግ ከፍ ማድረግ ደግሞ ክብር አይጨምርም። ድንኳኑ ውስጥ አብረዋቸው የነበሩ ጓዶቻቸው ተቀምጠዋል፤ አንዷን የውሸት ማዕረግ ሲሰሙ የቀረውን እውነትም ይጠራጠራሉ።

የዘመን ስሕተቱ ከዚህ ይብሳል። ልጆች በስልክ የሚያገኙት የፈረንጁን ዓመት ስለሆነ «በ1978 ዓ.ም ካራማራ ላይ ተዋጉ» ተብሎ ይነበባል። የካራማራ ድል የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም ነው። የፈረንጅ ቀን ያለበት ወረቀት ሲገኝ ከመስከረም 1 (በፈረንጁ ሴፕቴምበር 11) እስከ ታኅሣሥ 22 (ዲሴምበር 31) ገደማ ላለው 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ላለው 8 ዓመት ቀንሱ። ከዚያ ከታወቁት ዘመቻዎች ጋር አመሳክሩ። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ የተጓዘው በሚያዝያ 1943 ነው፤ የኮንጎው የሰላም ማስከበር ዘመቻ የተጀመረው በ1952 ክረምት ነው፤ ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት ከሐምሌ 1969 እስከ መጋቢት 1970 ነው፤ ከኤርትራ ጋር የተደረገው ደግሞ ከግንቦት 1990 እስከ ሰኔ 1992። በ1936 የተወለዱ ሰው በኮሪያው ጦርነት ሊዋጉ አይችሉም። ሜዳሊያም ይመሰክራል፤ ለኢትዮጵያውያን ዘማቾች የተሰጠው የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳሊያ ጽሑፉ በአማርኛ ነው፣ ጥብጣቡም ሰማያዊና ነጭ ሰንበር ያለው ነው። የልደት ዓመት ከወረቀት ወረቀት ቢለያይ አትደንግጡ፤ ለመቀጠር ሲል ዕድሜ ጨምሮ የተመዘገበ ወጣት ጥቂት አልነበረም። የትውልድ ቦታ በዘመኑ ስም ይጻፍ። በንጉሡ ጊዜ የተወለደ ሰው የተወለደው በጠቅላይ ግዛት ነው፤ «ክፍለ ሀገር» የመጣው ከአብዮቱ ወዲህ ነው።

የጦር ጓዶችን ስትጠይቁ በዓመት አትጀምሩ። መጀመሪያ አዛዡ ማን እንደነበረ፣ ቀጥሎ የት ሰፍረው እንደነበር፣ ከዚያ የመስቀል ወይም የፋሲካ ሰሞን እንደነበረ ጠይቁ። ዓመቱ ራሱ ተከትሎ ይመጣል።

ከግንቦት 1983 በኋላ ያለውን የብዙ ቤተሰብ ጽሑፍ ይዘለዋል። ሠራዊቱ ተበትኖ ብዙዎች የመጋዘን ጥበቃ፣ የቀን ሥራ፣ የጓሮ አትክልት ላይ ዋሉ። ይህ ዘመን የሚያሳፍር ይመስል በ«ልዩ ልዩ ሥራ ሲሠሩ ቆይተው» ይታለፋል። መዝለሉ ትልቅ በደል ነው። ልጆች ያደጉት፣ የልጅ ልጆችም አያታቸውን ያወቁት በዚያ ደሞዝና በዚያ ካፖርት ነው። የጥበቃ ሥራ ከሆነ የት፣ ስንት ዓመት፣ የሌሊት ወይስ የቀን ፈረቃ ተብሎ ልክ እንደ ግንባሩ ይጻፍ።

አባትነቱን ለመጻፍም ቢሆን ማስረጃው ከዚያው ሳጥን ይወጣል። ግንባር ያለ ወታደር ከደሞዙ ለቤተሰብ ያስቆርጥ የነበረው ተቆራጭ ወረቀቱ ካለ ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩ። ከ120 ብር ደሞዝ 80ው ወደ ቤት ይላክ ከነበረ ይህ አንድ መስመር ይገባዋል፤ «ለቤተሰባቸው አሳቢ ነበሩ» ከሚለው ይልቅ ይህ ያስለቅሳል። የፈቃድ ወረቀቶቹን ቀን ከልጆች ክርስትና ቀን ጋር አመሳክሩ፤ ለማንኛው ልጅ እንደደረሱ፣ የትኛው ልጅ ያለ እርሳቸው ክርስትና እንደተነሳ ይታወቃል። ያልነበሩበትንም ጻፉ።

የልጅ ልጆችን «አያታችሁ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ «ጥሩ ሰው» ይሏችኋል። «ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ» ደግሞ በሁሉም ሰው ቀብር የሚነበብ ነው። ስለዚህ ዝርዝር ጠይቁ። ጠዋት ስንት ሰዓት ይነሱ ነበር? ጫማ እንዴት እንደሚወለወል ለማን አሳዩ? ትምህርት ቤት ሲሸኙ እስከ የት ነበር? ከመልሱ የሚወጣው እንዲህ ያለ ነው፦ «በክረምት የልጅ ልጆቻቸውን ጫማ በእጃቸው ይዘው ጭቃውን ያሻግሯቸው ነበር፤ አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ በያዙት ውኃ እግራቸውን አጥበው ጫማቸውን ያጠልቁላቸው ነበር።» ይህን ከ1983 በኋላ ባለው ቦታ አስገቡት፣ መጨረሻ ላይ አትጠብቁ።

ሲታተም በየትኛውም ኮምፒውተር በሚነበበው በዩኒኮድ ፊደል ይሁን። በቆየ የፓወር ግዕዝ ፊደል የተተየበ ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ምልክት ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ጊዜ የለም። የፊደሉ መጠን 16፣ ከሁለት ገጽ ያልበለጠ፣ ሦስት ቅጂ፤ መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ከዋዜማው ይውጣ። ከመታተሙ በፊት አንድ የጦር ጓድና አንድ የልጅ ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያንብቡት። የመጀመሪያው ማዕረጉንና ዓመቱን ያርማል። ሁለተኛው ደግሞ «እስከ አስፋልቱ አይደለም፣ እስከ በሩ ነበር የሚያደርሱን» ይላል፤ እሱም ይታረም።