አራተኛው ገጽ ላይ የነበረው አንቀጽ

ዕድሜያቸው ሳይደርስ ሲጠጡ ወይም ጥቂት ካናቢስ ይዘው የተገኙ ልጆችን ከክስ ይልቅ በምክርና በክትትል በሚያስተናግድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ በማኅበራዊ ሠራተኝነት አገለግል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 40 ሥር፣ ተገቢ በሆነ ጊዜ ሁሉ የልጆች ጥፋት ፍርድ ቤት ሳይደርስ የሚታይበት መንገድ እንዲመቻች ይጠይቃል፤ የእኛም አሠራር በዚሁ ላይ የቆመ ነበር።

ልጆቹ የሚፈርሙበትን ባለ አምስት ገጽ ሰነድ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ገጽ ክልከላና ማስጠንቀቂያ ብቻ ነበር። በመጠጥ ወይም በዕፅ ለተጎዳ ጓደኛው እርዳታ የጠራ ልጅ ራሱ ጠጥቶ ቢገኝም እንደማይከሰስ የሚገልጸው አንቀጽ ግን አራተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሌሊት በክትትላችን ሥር የነበረ የ16 ዓመት ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ሲጠጣ ከመካከላቸው አንዱ ራሱን ስቶ ወደቀ። ቀዝቃዛ ውኃ አፈሰሱበት፣ ቡና ሊያጠጡት ሞከሩ፣ በመጨረሻም «ተኝቶ ይለፍለት» ብለው በጀርባው አስተኙት። ጉበት አልኮልን የሚያስወግደው በራሱ ፍጥነት ስለሆነ ውኃውም ቡናውም አይረዱትም፤ ይባስ ብሎ ሆድ ውስጥ የቀረው መጠጥ ወደ ደም መግባቱን ስለሚቀጥል የተኛው ሰው ሁኔታ ሊከፋ፣ በጀርባው እንደተኛም ትውከቱ ሊያንቀው ይችላል። አምቡላንስ የተጠራው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው፤ የጠራችውም ጩኸት ሰምታ የመጣች ጎረቤት ነበረች። ልጁ እንደ ዕድል ሆኖ ተረፈ።

ሰኞ ዕለት ደንበኛዬ ሲመጣ ለምን እንዳልደወለ በቁጣ ጠየቅሁት። ከቦርሳው ሰነዱን አውጥቶ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጣቱን አሳረፈ፤ «በድጋሚ የተያዘ ልጅ ፋይሉ ለዐቃቤ ሕግ ይመለሳል» ይላል። ያ ገጽ ከመነካካት ብዛት ለስልሶ ነበር፤ አራተኛው ግን እንደታተመ ነው። ገልጬ አሳየሁት። ቀስ ብሎ አነበበና «ይሄንን ለምን መጀመሪያ ላይ አልጻፉትም?» አለኝ። ቁጣዬ እዚያው ላይ አለቀ።

ጉዳዩን ለስብሰባ ሳቀርብ አብሮን የሚሠራው የፖሊስ ባልደረባ አንቀጹን ማጉላት ለመጠጣት ፈቃድ መስጠት እንዳይመስል ሠጋ። ሥጋቱ ከንቱ አልነበረም፤ ይሁንና የሚጠጣው ልጅ የእኛን ፈቃድ ጠብቆ አያውቅም። አንቀጹ መድኃኒት ወይም ዕፅ መሸጥንና ጠጥቶ ማሽከርከርን እንደማይሸፍን በግልጽ እንዲጻፍ ተስማማን። ሰነዱ አንድ ገጽ ሆነ፤ አንቀጹ ከላይ ሰፈረ፤ ጮክ ብሎ የሚያነበውም ያው ፖሊስ እንዲሆን ተደረገ፤ ልጆች ተስፋውን ከእርሱ አፍ ሲሰሙት ይበልጥ ያምኑታልና።

በመጀመሪያው ንባብ ላይ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ደውለን ከሸሸንስ?» ስትል ጠየቀች። ያላሰብንበት ጥያቄ ነበር። ፖሊሱ እኔን አየኝና እስክሪብቶ ተቀብሎኝ «እርዳታው እስኪደርስ አብሮ የቆየ» የሚል ሐረግ በእጁ ጨመረበት።