ፈተና ላይ አይመጣም

ማክሰኞ ለት ያልኩት ነገር እስካሁን ይቆጨኛል።

አንዷ ተማሪዬ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ይሄ ፔዛንት ሪቤሊየን የሚባለው አያቴ የሸፈቱበት ነው እንዴ?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ጠመኔ እንደያዝኩ ቀረሁ። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፤ የባሌንና የጎጃምን ገበሬዎች አመጽ በጥቂት መስመር ነክቶ ያልፋል። ልጆቹም ይሸመድዱታል። የሞጣ ልጅ የገዛ ቤቱን ወሬ እያነበበ የእሱ መሆኑን አያውቅም።

«አዎ፣ እሱ ነው» አልኳት።

«ታዲያ ሽፍታ ናቸው ወይስ ጀግና?»

«እሱ ፈተና ላይ አይመጣም» ብዬ ገጹን ገለጥኩ።

እውነት ነው፣ አይመጣም። ግን ፈርቼ ነው ያልኩት። በዚህ ጊዜ ጎጃም ውስጥ ቆሞ ማን ሽፍታ፣ ማን ጀግና እንደሆነ ለስልሳ ልጅ መናገር ያስፈራል። ስልሳ ልጅ ስልሳ ቤት ነው። ማታ እራት ላይ «ቲቸር እንዲህ አለ» ይባላል።

ሐሙስ መጽሐፉን ሳልይዝ ገባሁ። ከርስት ጀመርኩ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። ገበሬው የፈራው ብሩን ብቻ አልነበረም። ገማች ማሳው ድረስ ሊመጣበት ነው። ዛሬ ምርት የገመተ ነገ ቀላድ፣ የመሬት መለኪያውን ገመድ፣ ይጥላል፤ ቀላድ ከተጣለ ርስት የሚባል ነገር የለም ተባለ። ሞጣና ቢቸና ተነሡ። ጦር ተላከ፤ አውሮፕላን ሳይቀር ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ አገረ ገዢው ተቀየሩ፣ ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ።

«አሸነፉ ማለት ነው?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ውዝፉን አልከፈሉም» አልኩ። አሁንም ትንሽ ሸሽቻለሁ።

ቤታችሁ ጠይቁ ብዬ ሸኘኋቸው። ብዙዎቹ እንደሚረሱት ገምቼ ነበር።

ዛሬ አንዱ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ይዞ መጣ። የድሮ የመሬት ግብር ደረሰኝ። ጠርዙ ጢስ ጠጥቶ ቡናማ ሆኗል፤ ማጠፊያው ላይ ሊበጠስ ደርሷል። ከማህተሙ የቀረው የአንበሳው ጀርባ ነው። የከፋዩ ስም የአያቱ አይደለም።

«እኚህ ማን ናቸው?»

«አቅኚው ናቸዋ!» አለኝ፣ ትናንት ገበያ ያገኛቸው ይመስል።

ግብሩ የሚገባው መሬቱን መጀመሪያ ባቀኑት አባት፣ በእሳቸው ስም ነበር። ዘር ቆጥሮ የሚካፈሉት መሬት ላይ የእያንዳንዱን ሰው ገቢ ለይቶ መገመት ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ፣ ስንት ዓመት አስተምሬ እንደዚያች ወረቀት አስረድቼ አላውቅም።

የማክሰኞዋ ልጅ «ሽፍታ ወይስ ጀግና?» የሚለውን ጥያቄዋን ደገመችው። ለክፍሉ ተውኩላቸው።

«ግብር አልከፍልም ያለ ሁሉ ጀግና ከሆነ የእኔ አጎትም ጀግና ነው» አለ አንዱ። «ሱቁን ገቢዎች ሲመጡ ይዘጋል።»

«ያንተ አጎት ላይ ቦምብ ተጥሎበታል?» አለችው።

ደወሉ እስኪደወል ተጨቃጨቁ። እኔ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አዳመጥኩ። ያልጠበቅሁት ነገር አንዲት ዝምተኛ ልጅ ስትወጣ ጠጋ ብላ «የእኔ አያት ገማች ነበሩ፤ ሰኞ እናገራለሁ» ማለቷ ነው።

ደረሰኙን ፎቶ አንስቼ ለልጁ መለስኩለት። ሴት አያቱን አስፈቅዶ እንደሆነ ስጠይቀው አንገቱን ደፋ። ከሙዳይዋ ሰርቆ ነው ያመጣው። ከቤተክርስቲያን ሳትመለስ መልሶ ሊከተው ሮጦ ሄደ።