ኦዞንን ከጎጃም ሰማይ ሥር መለካት

ከባሕር ዳር በላይ ያለው ኦዞን በሙሉ ተሰብስቦ በ0 ዲግሪ ሴልሺየስና በባሕር ጠለል ግፊት ቢነጠፍ ብዙውን ጊዜ 3 ሚሊ ሜትር አይሞላም። የኦዞን መጠን የሚገለጽበት አሃድ ዶብሰን ይባላል፤ አንድ ዶብሰን የዚህ ውፍረት 0.01 ሚሊ ሜትር ነው።

በእጅ የሚያዘው መለኪያ በ305፣ በ312 እና በ320 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት የሚመጣውን የፀሐይ ጨረር ያወዳድራል፤ ኦዞን አጭሩን ሞገድ አብዝቶ ስለሚውጥ መጠኑ ከልዩነቱ ይሰላል። እዚህ አገር ብዙ ልኬት የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ግፊት ነው። መሣሪያው በባሕር ጠለል ግፊት፣ በ1013 ሄክቶፓስካል ላይ ከተተወ አየሩ ራሱ የበተነውን ጨረር ከስሌቱ አብዝቶ ስለሚቀንስ ኦዞኑ ከእውነቱ ያነሰ ይወጣል። ባሕር ዳር ላይ 820 አካባቢ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ከዚያም ይወርዳል፤ በባሮሜትር አረጋግጡ። ሁለተኛው ሰዓት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ቀን 6:30 ማለት በዓለም አቀፉ ሰዓት (UTC) 9:30 ነው። ሰዓቱ ከተሳሳተ የፀሐይዋ ከፍታ፣ ከዚያም ጨረሩ በአየር ውስጥ የተጓዘው ርቀት ይሳሳታል።

የመሣሪያውን መስኮት በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ፤ የፀሐይዋን ነጥብ መሃል ላይ አድርጋችሁ ደጋግማችሁ ለኩ። ስስ ደመና ካለ ተዉት። ክረምቱ ለዚህ ሥራ አይመችም፤ ጥቅምትና ኅዳር ይሻላሉ።

የተጎዳው የኦዞን ሽፋን ማገገሙን ማየት ግን ከባድ ነው። ከዋልታዎቹ ውጭ ጠቅላላው ኦዞን የሚጨምረው በዐሥር ዓመት 0.3 በመቶ ገደማ ነው፤ ከ270 ዶብሰን አንድ እንኳ አይሞላም። መሣሪያው 1 በመቶ ቢዛባ ለውጡን ይውጠዋል። ስለዚህ በየጊዜው ዶብሰን ወይም ብሩወር ከሚባል የታመነ የኦዞን መለኪያ መሣሪያ ጎን አቁማችሁ አስተካክሉት፤ ከእያንዳንዱ ንባብ ጋር ግፊቱን፣ ሰዓቱንና የመሣሪያውን ቁጥር መዝግቡ።