ዘጠኝ እንቁላል፣ አንድ ፅንስ

ዛሬ ታላቅ እህቴን ይዤ የደም ምርመራዋን ውጤት ለመስማት ሄድን። በአይቪኤፍ፣ ማለትም እንቁላልና የወንድ ዘር ከሰውነት ውጭ በሚዋሐዱበት ሕክምና፣ የተገኘው ፅንስ ማህፀኗ ውስጥ ከገባ ሁለት ሳምንት ሞላው። አልያዘም።

ሰው «ገንዘብ ካለ በአይቪኤፍ ይወለዳል» ሲል እሰማለሁ፤ እኔም አምኜ ነበር። ዐሥር ቀን ሙሉ፣ ማታ ልክ በ3 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ ከቅቤው ጎን የምናስቀምጠውን መርፌ ሆዷ ላይ ስወጋት ከረምኩ። እምብርቷ ዙሪያ በልዟል። 9 እንቁላል ወጣላት፤ የበሰሉት 6፣ ፅንስ የሆኑት 4፣ ላብራቶሪ ውስጥ እስከ አምስተኛው ቀን የዘለቀው አንድ ብቻ። የእቁቧ ገንዘብም አብሮ ሄደ።

ሐኪሙ ደግ ሰው ነው። «መድኃኒቱ ብዙ እንቁላል ያበስላል እንጂ የእንቁላሉን ዕድሜ አይመልስም» አለን። እህቴ 41 ዓመቷ ነው። ይህን ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ቢነግረን ምን ነበረበት!

በዚህ ዘዴ የመጀመሪያዋ ልጅ እንግሊዝ አገር የተወለደችው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። ሕክምናው ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ ከ40 ዓመት በኋላ በራሳቸው እንቁላል ሞክረው በአንድ ዙር የሚሳካላቸው ግን ዛሬም ጥቂቶች ናቸው።

ታክሲ ውስጥ አላለቀሰችም። ቤት ልንደርስ ስንል ብቻ «የተረፉትን ሁለት መርፌዎች ምን እናድርጋቸው?» አለችኝ።